የመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ የፍቅር ዘፈኖችን ዛሬ በድምፅና በሉት መዝፈን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሉት ይዤ ስዘፍን ያዩኝ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ ዘፈኖች የማን ናቸው? የየትኛው ዘመንስ?

በግርድፉ ከ1100 እስከ 1400 ባለው ጊዜ፣ ዛሬ ፈረንሳይ በምንላት አገር የተደረሱ ናቸው። መጀመሪያ በደቡብ ትሩባዱር የሚባሉ ግጥምና ዜማ ደራሲዎች ተነሡ። ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ሳይሆን ኦክሲታንኛ ነበር። ሥራው ከደረሰን ትሩባዱሮች ሁሉ ቀዳሚው በ1071 የተወለደው የአኪቴን መስፍን ዘጠነኛው ጊዮም ነው። ቀጥሎ በሰሜን ትሩቬር የተባሉት ያንኑ ጥበብ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ ያዙት። ከእነሱ አንዱ፣ የሻምፓኙ ቲቦ፣ የናቫር ንጉሥ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ጊዮም ደ ማሾ መጣ። ማሾ በሬምስ ካቴድራል የሚያገለግል ካህን ነበር፤ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይደርሳል። የሞተው በ1377 ነው።

ደራሲው ሁልጊዜ ዘፋኙ አይደለም። ዘፈኑን ከግቢ ወደ ግቢ ይዘው የሚዞሩ ዦንግለር የሚባሉ ሙያተኞች ነበሩ። የኛን አዝማሪ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የሚዘፍኑት ስለ ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

ስለ ናፍቆት ነው። ትሩባዱሮች ፊን አሞር ይሉታል፤ የጠራ፣ የነጠረ ፍቅር እንደ ማለት ነው። ወንዱ ከእሱ ከፍ ያለች እመቤት ያፈቅራል፤ እንደ ጌታው ያገለግላታል፤ እሷ ግን እሺም እምቢም አትለው። ዘፈኑ የሚኖረው እዚያ መሀል ላይ ነው። «የቤተ መንግሥት ፍቅር» የሚለው ስም በሰፊው የታወቀው ጋስቶን ፓሪ የተባለ ምሁር በ1883 ከጻፈበት በኋላ ነው። ደራሲዎቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ «ፍቅር» ብቻ ነው የሚሉት።

ለዘፋኝ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ቃላቱ ትሑት ናቸው፣ ስሜቱ ግን ይፋጃል። በጣም ከጮኹበት ይሰበራል፤ በጣም ካቀዘቀዙት ደግሞ የሙዚየም ዕቃ ይሆናል።

ሉት ምን ዓይነት መሣሪያ ነው?

ሆዱ ለሁለት እንደተከፈለ የሸክላ እንስራ የጎበጠ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ አጭር፣ የክር ማጥበቂያው ያለበት ጫፍ ወደ ኋላ የታጠፈ መሣሪያ ነው። ዑድን የሚያውቅ ሰው ሉትን አወቀ ማለት ይቻላል። ስሙ ራሱ ከዓረብኛው «አል ዑድ» የመጣ ነው፤ የ«አል» «ል» ከስሙ ጋር ተጣብቆ ቀረና ስፔኖች «ላኡድ»፣ ፈረንሳዮች «ሉት» አሉት። ወደ አውሮፓ የገባው ሙስሊሞች ይገዟት በነበረችው ስፔንና በሲሲሊ በኩል ነው።

የመካከለኛው ዘመን ሉት ትንሽ ነው። አራት፣ በኋላም አምስት ጥንድ ክሮች አሉት፤ ክሩ ከበግ አንጀት የተሠራ ነው። የሚመታውም በጣት ሳይሆን ከወፍ ላባ ተቆርጦ በተሠራ መምቻ ነው። በጣት መጫወት የተለመደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው።

ሉት የለኝም። በጊታር ይሆናል?

ለመጀመር አዎ። ዘፈኑን በጊታር ተማር፤ ነገር ግን ኮርድ አትምታ። ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግርሃለሁ። ዑድ ካለህ ደግሞ ከጊታር ይልቅ ለሥራው በጣም ይቀርባል። ለመግዛት ስታስብ ግን ተጠንቀቅ፤ «ሉት» ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ጥንድ ክር ያላቸው የህዳሴ ዘመን ሉቶች ናቸው። ድንቅ መሣሪያዎች ናቸው፤ ግን የማሾ ዘመን አይደሉም። ባለሙያ ጋ ሄደህ «የመካከለኛው ዘመን፣ በላባ የሚመታ» ብለህ ማሠራት አለብህ።

ላባውን ራስህ መቁረጥ ትችላለህ። እኔ የዝይ ላባ ነው የምጠቀመው። ግንዱን እስከ ትንሽ ጣቴ ርዝመት አስቀርቼ ጫፉን በምላጭ አሾለውና በአሸዋ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። ያልለሰለሰ ላባ ክሩን ይቧጭራል፤ ያ ድምፅ ደግሞ ከዘፋኙ ቃል በላይ ይሰማል። በደንብ ሲለሰልስ ግን ጥንዱ ክር ባንዴ ይመታና ጥርት ያለ፣ አጭር፣ ቶሎ የሚጠፋ ድምፅ ይወጣል። የድምፁ አጭርነት ለዘፋኙ ቦታ ይለቅለታል።

የኦፔራ ሥልጠና ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። ሉት ድምፁ ትንሽ ነው፤ በአዳራሽ ጉልበት የሚዘፍን ሰው ይውጠዋል። የሚያስፈልገው ቃሉ ጥርት ብሎ የሚሰማበት፣ ንግግር የሚመስል ድምፅ ነው። የምትነሳበት ከፍታም እንደ ጉሮሮህ ነው። ብራናዎቹ ላይ ያለው ኖታ የትኛው ድምፅ ከየትኛው እንደሚበልጥ እንጂ ከየት እንደሚነሳ አይወስንም። ወንድም ሴትም ለራሳቸው በሚመች ከፍታ መዝፈን ይችላሉ።

ሴት ብትዘፍነውስ?

ትዝፈነው እንጂ! ትሮባይሪትስ የሚባሉ ሴት ደራሲዎች ነበሩ። ዝነኛዋ የዲያ ኮምቴሳ ወይም በተለምዶ «የዲያ እመቤት» የምትባለው ናት። ከሴቶቹ ግጥሞች ከነዜማው የተረፈው የእሷ «አ ቻንታር» ብቻ ነው፤ ዜማውም የተገኘው በአንድ ብራና ላይ ነው። «መዝፈን ስለማልፈልገው ነገር ልዘፍን ነው» ብላ ትጀምርና የከዳትን ሰው ፊት ለፊት ትጠይቀዋለች። ልመና የለበትም። የእኔ ውበት፣ ዘሬ፣ ልቤ ምን ጎደለው ነው የምትለው። ይህን ዘፈን ወንድም ሴትም ይዘፍኑታል፤ በሴት ድምፅ ሲሰማ ግን ቃሉ ባለቤቱን ያገኛል።

ቋንቋው እንዴት ነው የሚነበበው? እንደ ዛሬ ፈረንሳይኛ?

እንደ ዛሬው ካነበብከው ግጥሙ ይፈርሳል። ዛሬ የሚዋጡት የቃል መጨረሻዎች ያኔ ይሰሙ ነበር። «ዳም» (እመቤት) ዛሬ አንድ ቀለም፣ ማለትም አንድ ክፍለ ቃል ነው፤ ያኔ ግን «ዳ-መ» ተብሎ ሁለት ነው፣ ዜማውም ሁለት ድምፅ ሰጥቶታል። «ሩዋ» የምንለው ንጉሥ «ርዌ» ነበር። «ረ» ከጉሮሮ ሳይሆን በምላስ ጫፍ ይንቀጠቀጣል፣ ልክ እንደ አማርኛው። «ሻንሶን» (ዘፈን) ደግሞ በ12ኛው ክፍለ ዘመን «ቻንሶን» ነው የሚባለው። አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ «ቸ»ም፣ የሚንቀጠቀጠው «ረ»ም፣ የመጨረሻዋ ቀላል «ኧ»ም አፉ ላይ ናቸው።

ኦክሲታንኛ ከዚህም ይቀላል፤ አብዛኛው እንደተጻፈ ይነበባል።

ታዳሚው አንድ ቃል አይገባውም። ምን ላድርግ?

ከመዝፈንህ በፊት ትርጉሙን አንብብለት፣ በቃ። ወረቀት ማደል ጥሩ ይመስላል፤ ግን ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ወረቀት ሲያይ አንተን አያይህም። እኔ አንድ አርኬ በሰሚው ቋንቋ በዝግታ እናገርና ሉቱን ትንሽ አጫውቼ ወደ ዘፈኑ እገባለሁ።

ተርጉሞ መዝፈን እችላለሁ ወይ ለሚሉኝም፦ ይቻላል፣ ግን ብዙ ይጠፋል። እነዚህ ደራሲዎች ቤት ሲመቱ ቀልደው አይደለም። ስድስትና ሰባት አርኬ ሙሉ በእነዚያው ሁለት ሦስት ድምፆች ብቻ ቤት የሚመታ ዘፈን ብዙ ነው። ሰሚው ትርጉሙን ባይዝ እንኳ ያ ድምፅ እየተመላለሰ ጆሮውን ሲይዘው ይሰማዋል።

በየትኛው ዘፈን ልጀምር?

በማሾ «ዱስ ዳም ዦሊ»። ዜማው አንድ ብቻ ነው፤ ምቱ ተጽፏል፤ አዝማቹ ቶሎ ይያዛል። ከዚያ የአራሱ አዳም ደ ላ አል ሮንዶዎች አሉ። ሮንዶ አጭር ነው፤ በተለመደው ቅርጹ ስምንት ስንኝ። የመጀመሪያው ስንኝ መነሻው ላይ፣ መሀሉ ላይና ማብቂያው አካባቢ ሦስት ጊዜ ይመጣል። ቃሉ አልተለወጠም፤ ዜማውም አልተለወጠም። በመካከል የተባለው ነገር ግን ትርጉሙን ለውጦታል። ሦስቱንም አንድ ዓይነት አድርጎ የሚዘፍን ሰው ዘፈኑን ገና አላገኘውም።

ኖታውን ከየት አገኛለሁ? ይከፈልበታል?

የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን ብራናዎች ፎቶ አንስቶ ጋሊካ በሚባለው ድረ ገጹ በነጻ አስቀምጧል። «የንጉሡ የዘፈን መጽሐፍ» የሚባለውም፣ የማሾ ሥራዎች የተሰበሰቡባቸው ብራናዎችም እዚያ አሉ። ዜማዎቹ የማንም ንብረት አይደሉም። ዛሬ አንድ ምሁር ወደ ዘመናዊ ኖታ የገለበጠው እትም ግን የራሱ መብት ሊኖረው ይችላል፤ ቀርጸህ ልትሸጥ ካሰብክ አጣራ። ከሁሉ የሚሻለው አራት መስመር ላይ የተቀመጠውን ካሬ ኖታ ማንበብ መማር ነው። ለአንድ ድምፅ ዘፈኖች ከሆነ የጥቂት ሳምንት ሥራ ነው።

ብራናው ላይ ምቱ የለም። ታዲያ በምን ምት ልዝፈነው?

ከሁሉ የበለጠ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ መጠየቅም አለበት። ከ2,500 ገደማ የትሩባዱር ግጥሞች ዜማቸው የተረፈው አንድ አሥረኛው ያህል ብቻ ነው። የተረፈው ዜማም በአብዛኛው የድምፁን ከፍታ እንጂ ርዝመቱን አይነግረንም። የማሾ ዘመን ሲደርስ ነው ምት በትክክል መጻፍ የተቻለው። ድጓ ያጠና ሰው ነገሩ አይደንቀውም፤ ምልክቱ የሚያውቀውን ያስታውሳል፣ የማያውቀውን ግን አያስተምርም። ልዩነቱ የኛ መሪጌቶች ዛሬም አሉ። የትሩባዱሮቹ መምህራን ግን ሰንሰለታቸው ተቆርጧል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፒየር ኦብሪና ዣን ባፕቲስት ቤክ የተባሉ ሁለት ምሁራን ዘፈኖቹ ሁሉ ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር እያሉ በሦስት ምት ይሄዳሉ የሚል ሐሳብ አመጡ። ሐሳቡን ማን ቀድሞ አገኘው በሚል ተጣልተው ጉዳዩ እስከ ሽምግልና ዳኝነት ደረሰ። በኋላ ሄንድሪክ ፋን ደር ቬርፍ ዘፈኑ የሚከተለው የንግግሩን ፍሰት ነው አለ፤ ጆን ስቲቨንስ ደግሞ እያንዳንዱ ቀለም እኩል ርዝመት አለው የሚለውን ደገፈ።

በቃል ላይ እንየው። የትሩባዱሩ የቬንታዶሩ በርናርት ዝነኛ ዘፈን «ካን ቬይ ላ ላውዜታ ሞቬር» ብሎ ይጀምራል። ቁጠራቸው፦ ካን፣ ቬይ፣ ላ፣ ላው፣ ዜ፣ ታ፣ ሞ፣ ቬር፤ ስምንት ቀለም። አንዲት ትንሽ የመስክ ወፍ በፀሐይ ጨረር ላይ በደስታ ክንፏን ስታርገበግብ፣ ከዚያም ከልቧ ጣፋጭነት የተነሳ ራሷን ረስታ ቁልቁል ስትወድቅ ያያል። ልቡ ወዲያው በምኞት አለመቅለጡ ይገርመዋል። በሦስት ምት ስዘፍነው ወፏ ትጨፍራለች፤ ግን አትወድቅም። ሁሉንም እኩል ሳደርገው ሰላም አለው፣ ለእኔ ግን ትንሽ ይደርቃል። እኔ የመረጥኩት መንገድ ንግግሩ ነው። መሣሪያ ሳልነካ ግጥሙን ሃያ ጊዜ ጮክ ብዬ አነባለሁ። «ላውዜታ» ላይ ድምፄ ራሱ ይዘገያል፤ «ሞቬር» ላይ ይለቀዋል። የት እንደተነፈስኩ በእርሳስ አስምራለሁ። ዜማውን የማመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምቱ አፌ ውስጥ ስላለ መፈለግ አያስፈልገኝም።

አንተ ሌላ ብትመርጥ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ሳይመርጡ መዝፈን ነው፤ ከሰሙት ቅጂ ቀድቶ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ሳይጠይቁ ማለፍ።

ሉቱ ምን ይጫወት? ብራናው ላይ ማጀቢያ አላየሁም።

የለም፤ ለትሩባዱርና ለትሩቬር ዘፈን የተጻፈ ማጀቢያ አልደረሰንም። ስለዚህ ትፈጥራለህ። መጀመሪያ የማይሆነውን ልንገርህ። የጊታር ኮርድ አይሆንም። በዚያ ዘመን ጆሮ ያረፈ የሚባለው ድምፅ ከመነሻው ድምፅ ተቆጥሮ ስምንተኛውና አምስተኛው ነው። ዛሬ ጣፋጭ የምንለው ሦስተኛ ድምፅ በእነሱ መቃኛ ሰፋ ብሎ የሚወጠር፣ ወደ አምስተኛው መሄድ የሚፈልግ ድምፅ ነበር። በኮርድ ላይ ኮርድ ስትደርብ ዜማው ወደማያውቀው ቦታ ይጎተታል። እኔ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር የምጫወተው። አንድ ቀን ራሴን ቀርጬ ሳዳምጥ ቃሉ በመሣሪያው ሥር ተቀብሮ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ።

የሚሆኑት ቀላል ነገሮች ናቸው። አንዱን ዝቅ ያለ ክር ከነአምስተኛው ሳታቋርጥ አልፎ አልፎ ምታ፤ ዘፈኑ የሚቆምበት መሬት ያገኛል። ወይም ዜማውን ከድምፅህ ጋር አብረህ ተጫወት፤ አንዳንድ ቦታ ትተኸው፣ አንዳንድ ቦታ ጌጥ ጨምረህ። በስንኝና በስንኝ መካከል ትንፋሽ ስትወስድ ሉቱ የመጨረሻዋን ሐረግ ይመልስልህ። በአርኬ መካከል ደግሞ ዜማውን ብቻውን ያጫውት። ማሲንቆ ድምፃዊውን ሲከተል፣ ሲቀድም፣ ሲመልስለት የሰማ ጆሮ ይህን ማንም ሳያስተምረው ይይዘዋል። ቅኝቱን ግን ከእኛ አታምጣበት። ትዝታና ባቲ ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ እነዚህ ዜማዎች ሰባት አላቸው።

እና ዝም ማለት ልመድ። ከሰባት አርኬ አንዱን ያለ ሉት ብትዘፍን አዳራሹ ወደ አንተ ዘንበል ይላል።

ሰባት አርኬ ሁሉ መዘፈን አለበት?

ከቻልክ አዎ። የበርናርት ዘፈን ሰባት አርኬና መዝጊያ አለው። ሁለቱን ብቻ ከዘፈንክ ወፏን ታሳያለህ፣ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ከመዝፈን ራሱን እስከሚያገልበት ግን አትደርስም። ማሳጠር ግድ ከሆነ ከመካከል ቁረጥ እንጂ መጨረሻውን አትቁረጥ። የአርኬዎቹ ቅደም ተከተል ከብራና ብራና እንደሚለያይም እወቅ፤ ያኔም ዘፋኞች እንደየራሳቸው ነበር የሚዘፍኑት።

የማሾ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ድምፅ ዘፈኖችስ ለአንድ ዘፋኝና ለአንድ ሉት ይሆናሉ?

ባለ ሁለት ድምፆቹ በደንብ ይሆናሉ። ከላይ ያለውን ትዘፍናለህ፤ ቴኖር የሚባለውን የታችኛውን ሉቱ ይይዘዋል። ቴኖሩ በረጃጅም ድምፆች ስለሚሄድ፣ የሉት ድምፅ ደግሞ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ ረጅሙን ድምፅ ደግመህ መምታት ሊያስፈልግህ ይችላል። ባለ ሦስት ድምፅ ከሆነ ሌላ ሰው ጥራ፤ ቪየል (እንደ ማሲንቆ በቀስት የሚመታ መሣሪያ) የሚመታ ቢሆን ደስ ይላል። በአንድ ላባ ሁለት መስመር ባንዴ ለመጫወት መታገል ዘፈኑን ያጨናንቀዋል።

የሚከብደው ሌላ ነው። ገልባጮቹ ግማሽ ድምፅ ከፍ ወይም ዝቅ የሚልበትን ቦታ ሁሉ አልጻፉትም፤ ዘፋኙ ያውቃል ብለው ትተውታል። ሐረግ ሲዘጋ ሁለቱ ድምፆች ወደ ስምንተኛ ሲከፈቱ በላይኛው መስመር ከመዝጊያው በፊት ያለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ከፍ ይላል። ከዚህ ጀምር፤ የቀረውን ጆሮህና ሁለት ሦስት እትሞችን ማወዳደር ያስተምሩሃል።

እውነት ያኔ በሉት ነበር የሚዘፈኑት?

ሁልጊዜ አይደለም። ማሾ ራሱ በግጥሙ ውስጥ መሣሪያዎችን ሲዘረዝር ሉትን ይጠራል፤ ስለዚህ ያውቀዋል። በትሩባዱሮችና በትሩቬሮች ዙሪያ ግን በብዛት የሚነሱት ቪየልና በገና መሰሉ ሃርፕ ናቸው። ክሪስቶፈር ፔጅ የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር ከፍተኛ ማዕረግ ያላቸው የፍቅር ዘፈኖች በአብዛኛው ያለ መሣሪያ ይዘፈኑ እንደነበር ተከራክሯል። በ1980 ባቋቋመው ጎቲክ ቮይስስ በተባለው ቡድንም የማሾን ዘፈኖች በድምፅ ብቻ አሰምቷል። ሰምቼዋለሁ፤ ያሳምናል።

ታዲያ ለምን ሉት ይዘህ ትዘፍናለህ ይሉኛል። ሉት ብቻውን ለሚዘፍን ሰው ጓደኛ ስለሆነ ነው። ቃሉን አይሸፍንም፣ ትንፋሼን ይጠብቃል። «ያኔ በትክክል እንዲህ ነበር» ብዬ ግን ለታዳሚ አልናገርም። እንዲህ ሊሆን ይችል ነበር እላለሁ፤ እውነቱም ይኸው ነው።

ሉት ከዓረብ ከመጣ፣ ዘፈኖቹም ከዓረብ የመጡ ናቸው?

መሣሪያው አዎ። ዘፈኑ ግን እስካሁን ያከራክራል። በአንዳሉስ፣ ማለትም ሙስሊሞች ይገዟት በነበረችው ስፔን፣ አዝማች ያለው የዓረብኛ የፍቅር ግጥም ይዘፈን እንደነበር የታወቀ ነው። የዘጠነኛው ጊዮም አባት ደግሞ በ1064 ባርባስትሮ በተባለችው የስፔን ከተማ ላይ ዘምቷል። መገናኛው ነበረ። አንድን የትሩባዱር ዜማ ይዞ «ይህ ከዚያ የተወሰደ ነው» ብሎ ማሳየት ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1960ዎቹ ሙኒክ የነበረው የቶማስ ቢንክሊ ቡድን ከሰሜን አፍሪካ ሙዚቃ የተማረውን ይዞ ረጃጅም የሉት መግቢያዎችን፣ በዘፈኑ መካከልም ነጻ ጨዋታዎችን አመጣ። ብዙ ሰው ይህን ሙዚቃ የወደደው በእሱ ምክንያት ነው። ወደዚያ መንገድ መሄድ ከፈለግክ ዑድ የሚጫወት ሰው ፈልግና እግሩ ሥር ተቀመጥ። መቃሙን፣ ማለትም የዓረብ ሙዚቃን የቅኝት ሥርዓት፣ ከሥሩ ተማር። ከላይ ከላይ የተለቀመ ጌጥ ለትሩባዱሩም ለዑዱም ክብር አይሆንም።